ሶሌታን ማን ተሸከመው?

ስለ ሕንፃ ታሪክ ሲጻፍ ዓምዱ ይወሳል፣ ጉልላቱ ይወሳል፣ የግድግዳው ሥዕልም አይረሳም። ወለሉን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ምናልባት ተረግጦ የሚኖር ነገር ስለሆነ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በፎቅ ላይ የሚኖር፣ በፎቅ ላይ የሚሠራ፣ በፎቅ ላይ የሚማር ሰው ሁሉ ነፍሱን አደራ የሰጠው ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር ለማይበልጥ የአርማታ ገበታ ነው።

ይህ ግንበኞቻችን ሶሌታ የሚሉት ገበታ ለታሪክ ተማሪም የሚሆን ጉዳይ አለው። ሰዎች ሶሌታን መሥራት የጀመሩት ለምን እንደሚቆም በቅጡ ከማወቃቸው በፊት ነው። ኋላ ሒሳብ መጣ፤ ሒሳቡም «ይህን ያህል ይሸከማል» ብሎ ወሰነ። ሶሌታው ግን ሒሳቡን አልሰማም። እስኪወድቅ ድረስ ሲፈተን ከተባለለት እጥፍ በላይ ተሸክሞ ተገኘ። ታዲያ ትርፉ ጉልበት ከየት መጣ? ያን ያህል ዘመንስ ወዴት ተደብቆ ኖረ? ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጸሐፊው የምህንድስና ተማሪ አይደለምና አንባቢ ቀመር አይጠብቅ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የታጠቀ ድንጋይ

ከቃሉ እንጀምር። አርማታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «የታጠቀ» ማለት ነው። ሶሌታም፣ ፌሮም፣ ስታፋም ከዚያው አገር መጥተው በአማርኛ ቤተኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። «የታጠቀ» መባሉ ሲያስቡት ልክ ነው። ኮንክሪት ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውሃ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ሲጫኑት ቻይ ነው፤ ሲስቡት ግን ወዲያው ይበጠሳል። ኮንክሪት ሲሳብ የሚችለው ኃይል ሲጨመቅ ከሚችለው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። በሁለት ጫፉ የተደገፈ ገበታ መሐሉ ላይ ሲጫኑት ይጎብጣል። ሲጎብጥ የላይ ገጹ ይጨመቃል፣ የታች ገጹ ይሳባል፤ ስለዚህ ከሥሩ ይሰነጠቅና ይወድቃል። መፍትሔው ድንጋዩን ማስታጠቅ፣ ማለትም በሚሳብበት በኩል ብረት ማስገባት ነው።

ዛሬ እንዲህ በአጭሩ የሚነገረው ነገር ዐርባ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ፈረንሳዊው ላምቦ በ1848 ከብረት ሽቦና ከሲሚንቶ ጀልባ ሠራ፤ በ1855ም ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበው። ኒውካስል ውስጥ ደግሞ ዊልያም ዊልኪንሰን የተባለ ልስን ሠራተኛ በ1854 የብረት ገመድ የተዘረጋበት የኮንክሪት ወለል ፈለሰፈና ፓተንት አወጣ። የሚያስደንቀው የገመዱ አዘረጋግ ነው፤ ከድጋፉ በላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይነሣል፣ መሐል ሲደርስ ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ መሐንዲስ ቢጠየቅ ብረቱን የሚያስቀምጠው እዚያው ነው። ልስን ሠራተኛው ቀመር አልነበረውም፤ እጁ ግን ያውቅ ነበር።

ስሙ የገነነው ግን አትክልተኛው ዣን ሞኒዬ ነው። ሞኒዬ የአበባ ገንዳ እየተሰነጠቀ ቢያስቸግረው ሲሚንቶውን በብረት መረብ እያጠናከረ መሥራት ያዘና በ1867 ፓተንት አገኘ። ብረቱ ምን እንደሚሠራ በሒሳብ የተናገረው ግን እሱ አይደለም። በ1886 በርሊን ውስጥ ማትያስ ኬነን የተባለ መሐንዲስ «ብረቱ መሳቡን ይችላል፣ ኮንክሪቱ መጨመቁን ይችላል» በሚል መሠረት ላይ የስሌት ዘዴ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ የታጠቀበትን ምክንያት ማስላት ተቻለ።

በ1892 ፍራንስዋ ኤኔቢክ ምሶሶውን፣ ቢሙንና ሶሌታውን በአንድነት አያይዞ የሚያፈስስበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከዚህ በኋላ ሶሌታ ማለት በምሶሶ ላይ እንደ ሣንቃ የተጋደመ ገበታ መሆኑ ቀርቷል። ከግራ ጎረቤቱም ከቀኝ ጎረቤቱም ጋር አንድ አካል ሆኗል። የስሌት መጽሐፉ ግን ለሥራ እንዲቀለው እያንዳንዱን ሶሌታ ከጎረቤቶቹ ቆርጦ፣ መጎበጡን ብቻ እየለካ ቀጠለ። የታሪኩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

፪. የ1914ቱ ክርክር

አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ክላውድ ተርነር የተባለ መሐንዲስ በ1906 ቢም የሌለው ወለል ሠራ። ሶሌታው በቀጥታ በምሶሶዎች ራስ ላይ ያርፋል፤ የምሶሶውም ራስ እንደ እንጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሮበርት ማያርም በበኩሉ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ በ1910 ዙሪክ ላይ የመጋዘን ወለል ሠርቷል። የተርነር ወለል ርካሽ ነበር፤ ብረቱም ጥቂት ነበር። ባለቤቶች ወደዱት፤ በአጭር ጊዜም በየከተማው ተስፋፋ።

ችግሩ፣ ይህ ወለል እንዴት እንደሚሰላ የሚስማማ ሰው አልተገኘም። አንዱን ወለል አምስት መሐንዲስ ቢያሰላው አምስቱ የሚያወጡት የብረት መጠን በጣም ይራራቅ ነበር። ተርነር ግን «ሕንፃው ይኸው፤ ጫኑበትና እዩት» ባይ ነበር። ተጫነበት፤ ቆመ። በብረቱ ላይ የተለካው ውጥረትም ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ሆነ። እንግዲህ ምን ይባላል? ቆሞ የሚታይን ሕንፃ መውደቅ አለበት ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

በ1914 ጆን ኒኮልስ የተባለ መሐንዲስ አጭር ጽሑፍ ይዞ ብቅ አለ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሶሌታው ላይ የተጫነው ክብደት ይታወቃል፣ የምሶሶዎቹ ርቀት ይታወቃል፤ ስለዚህ ለሚዛን የሚያስፈልገው ጠቅላላ የማጉበጥ ኃይል ከተወሰነ መጠን ሊያንስ አይችልም። ማንም ቢጠበብ የሚዛንን ሕግ አያመልጥም። በዚህ ሕግ ሲለካ ብዙው ወለል ብረት ጎድሎት ተገኘ። ጽሑፉ ቁጣ ቀሰቀሰ። የተሠራው ሁሉ ቆሞ ሳለ ጎደሎ ነው መባሉ ለብዙዎች ስድብ ሆነባቸው።

መጨረሻው ምን ሆነ? ሁለቱም ወገኖች በከፊል አሸነፉ። ኒኮልስ በሒሳቡ አሸነፈ፤ ዛሬ በዓለም የሚያስተምሩት የእሱን ነው። ተርነርና መሰሎቹ በአሠራሩ አሸነፉ። ቢም ለሌለው ወለል የወጣው የአሜሪካ ደንብ የሚዛን ሕግ ከሚጠይቀው 72 በመቶ ገደማውን ብቻ ይበቃል ብሎ ደነገገ፤ ይህም እስከ 1971 ድረስ ዘለቀ። ለግማሽ ምዕት ዓመት የሚዛን ሕግ በወረቀት ላይ ሲጣስ ኖረ ማለት ነው። ሕንፃዎቹ ግን ቆሙ።

ዌስተርጋርድና ስሌተር በ1921 ባሳተሙት ጥናት አንዱን ምክንያት አብራርተዋል። ገና ያልተሰነጠቀው ኮንክሪት ራሱ ከመሳቡ ጥቂቱን ይሸከማል፤ ብረቱን ብቻ የለካ ሰው ያንን አያየውም። ይህ ግን የታሪኩ ሁሉ አይደለም። በፈተናው ጊዜ የሚጫነው አንዱ ወይም ጥቂቱ ሶሌታ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ያልተጫኑት ዝም ብለው ይመለከታሉ። ዝም ብለው ነው? እውነቱ የወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

፫. ጆሃንስበርግ፣ 1952

በዚህ መሐል ዴንማርካዊው ዮሃንሰን በ1931 የጀመረውንና በ1943 ያጠቃለለውን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ሶሌታ ሲወድቅ የሚሰነጠቅባቸው መስመሮች አሉ፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ስንጥቁ ከየማዕዘኑ ተነሥቶ እንደ ፖስታ ጀርባ ይሠራል። በእነዚህ መስመሮች ላይ ያለው ብረት ምን ያህል እንደሚችል ከታወቀ መውደቂያው ጭነት ይሰላል። ዘዴው ቀላልና ውብ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ትክክለኛውን የስንጥቅ መስመር ያላገኘ ሰው የሚያወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። በሒሳብ ረገድ ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ሶሌታ ቢፈተን ከተሰላው ትንሽ ቀደም ብሎ ይወድቃል ተብሎ ቢጠበቅ ማንም አይገረምም።

በ1952 ጆሃንስበርግ ከተማ ውስጥ አሮጌው የጥርስ ሆስፒታል ሊፈርስ ሆነ። ሦስት ፎቅ ያለው የአርማታ ሕንፃ ነበር። የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኦክልስተን ዕድሉን ተጠቀመበት። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ሶሌታ ትንሽ ነው፤ ጫፉም ነጻ ነው፤ ጎረቤት የለውም። ይሄኛው ግን ሰው የኖረበት እውነተኛ ቤት ነው። ፕሮፌሰሩ በዙሪያቸው ሌሎች ሶሌታዎች ያሉባቸውን ውስጠኛ ሶሌታዎች መርጦ እስኪወድቁ ጫነባቸው።

የተሰላው ጭነት ደረሰ፤ ሶሌታው አልወደቀም። ጭነቱ ተጨመረ፤ አልወደቀም። የወደቀው በዮሃንሰን ዘዴ ከተሰላው እጥፍ በላይ ከተጫነ በኋላ ነው። አንባቢ የነገሩን ክብደት ይመልከት። ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚሳሳት ንድፈ ሐሳብ ከእውነቱ በግማሽ አንሶ ተገኘ! ይህን የብረት ጥራት ወይም የሲሚንቶ ጥንካሬ ብቻ ሊያመጣው አይችልም። ከሒሳቡ ውስጥ አንድ ኃይል በሙሉ ተረስቷል ማለት ነው። ኦክልስተን የፈተናውን ውጤት በ1955 አሳተመ፤ በ1958 ደግሞ የተረሳውን ኃይል ስም ጠርቶ ጻፈ። ሶሌታው ቅስት ሆኖ ነበር።

፬. የማይታየው ቅስት

ነገሩን ያለ ቀመር ለመረዳት እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። አሥር መጻሕፍት ጎን ለጎን አቁሙና በሁለት መዳፋችሁ ግራና ቀኝ ጨምቃችሁ ከጠረጴዛው አንሡ። ይነሣሉ። መጻሕፍቱን የሚያያይዝ ክር የለም፣ ሙጫም የለም፤ የያዛቸው የእጃችሁ ግፊት ነው። ከላያቸው አንድ እርሳስ ብታስቀምጡ ይሸከማሉ። መዳፋችሁን ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ሁሉም ተበታትነው ይወድቃሉ።

ሶሌታውም እንዲሁ ነው። ሲጫን መሐሉ ከሥር ይሰነጠቃል፣ ድጋፉ ጋ ደግሞ ከላይ ይሰነጠቃል። መሐሉ ላይ ሳይሰነጠቅ የቀረው ኮንክሪት ከላይ ነው፤ ድጋፉ ጋ ሳይሰነጠቅ የቀረው ከታች ነው። እነዚህን ሁለት ቦታዎች በሐሳብ መስመር አገናኟቸው። ከድጋፉ ሥር ተነሥቶ ወደ መሐሉ ራስ በሰያፍ የሚወጣ ደገፋ ታገኛላችሁ፤ ከወዲያኛውም ድጋፍ እንዲሁ። ሁለቱ መሐል ላይ ይገጥማሉ። በዚያች አንድ ስንዝር ውፍረት ውስጥ ቅስት ተሠራ ማለት ነው። የላሊበላን ድንጋይ የጠረቡ ሰዎች ቅስትን በዓይን እንድናየው አድርገው ቀረጹት፤ ይሄኛው ግን የሚወለደው ሲጫኑት ነው፣ ከውጭም አይታይም።

ሶሌታው የበለጠ ለመጉበጥ እነዚያ ሰያፍ ደገፋዎች ተጋድመው መተኛት አለባቸው፤ ለመተኛት ደግሞ ጫፎቻቸውን ወደ ውጭ መግፋት አለባቸው። ውጭ ያለው ማን ነው? ጎረቤቱ ሶሌታ። ጎረቤቱ ደግሞ በጎን በኩል ሲገፉት እንደ ግንብ ነው፤ አይነቃነቅም። ስለዚህ የተጫነው ሶሌታ በመጉበጥና በመጨመቅ መሐል ተያዘ። መጨመቁም ስንጥቁን እየገጠመ የመጉበጥን አቅም ይጨምርለታል። እርግጥ ልክ አለው። ልኩን ያላለፈ መጨመቅ ያጠነክራል፤ ልኩን ሲያልፍ ኮንክሪቱ ራሱ ይደቃል። ምሶሶ የሚያሰሉ መሐንዲሶች ይህን ሕግ ያውቁት ነበር፤ ምሶሶ ሲጎብጥም ሲጨመቅም ይኖራልና። ሶሌታ ግን ጎባጭ ብቻ ነው ተብሎ ስለተፈረደበት ማንም አልጠረጠረውም።

አሁን ወደ 1914 መለስ ብለን እንፍረድ። የሚዛን ሕግ አልተጣሰም። ኒኮልስ ልክ ነበር፤ ነገር ግን ሒሳቡ ከጎረቤት የሚመጣውን ግፊት አላስገባም። ተርነርም ልክ ነበር፤ ወለሉ በእርግጥ ቆሟል። ለምን እንደቆመ ግን አላወቀም። የቆመ ነገር ሁሉ በትክክል ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ የሚቆመው ባለቤቱ በማያውቀው ወዳጅ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ለሶሌታ ግን ይህ ተረት ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ጎረቤቱ ሸክሙን አይካፈልለትም፤ ሎሚ አይቀበለውም። ጎረቤት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቦታውን አለመልቀቅ ብቻ ነው። ያ ግን ይበቃል።

፭. የትርፉ ጉልበት ዋጋ

እንግዲህ ተገኘ፤ ታዲያ ለምን ወዲያውኑ አልተጠቀሙበትም? ለምንስ ሶሌታውን ሁሉ ብረቱን ቀንሰው አልሠሩትም? እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ መፍራታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

አንደኛ፣ ይህ ጉልበት የራሱ የሶሌታው አይደለም። የሕንፃው ዳር ያለ ሶሌታ በአንድ ወገን ጎረቤት የለውም፤ ማዕዘን ላይ ያለው በሁለት ወገን የለውም። እዚያ ጫፉ ይሸሻል፤ ጫፉ ሲሸሽ ቅስቱ ይላላል። መሸሹም ብዙ መሆን የለበትም፤ ሚሊ ሜትሮች ይበቃሉ። ኮንክሪት ደግሞ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በዘመን ብዛትም ጫናውን እየተቀበለ ይተኛል። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ውፍረትና አንድ ዓይነት ብረት ያላቸው ሁለት ሶሌታዎች በቦታቸው ብቻ የተለያየ ጉልበት አላቸው ማለት ነው። ቀጭንና ረዥም ሶሌታ ደግሞ ቅስቱ በጣም ጠፍጣፋ ስለሚሆን የሚያገኘው ትርፍ ትንሽ ነው።

ሁለተኛ፣ አወዳደቁ ክፉ ነው። በመጉበጥ ብቻ የሚወድቅ፣ በልኩ የታጠቀ ሶሌታ አስቀድሞ ይናገራል፤ ብረቱ ይለጠጣል፣ ወለሉ ይዘምማል፣ ሰው አይቶ ይሸሻል። ቅስቱ ግን ሳይናገር ይቆይና መሐሉ የውፍረቱን ግማሽ ገደማ ሲወርድ ድንገት ይገለበጣል፤ የሚችለው ጭነትም ወዲያው ይቀንሳል። በ1960ዎቹ ኒውዚላንዳዊው ሮበርት ፓርክ በሙከራ ያሳየው ይህንኑ ነው። ከተገለበጠ በኋላ ሶሌታውን የሚይዘው ብረቱ ብቻ ነው፤ እንደ መረብ ተንጠልጥሎ። በደንብ የተያያዘ ብረት ካለ መረቡ ይይዛል፤ ከሌለ ግን ሁሉም ይወርዳል። ስለዚህ በቅስቱ ተማምኖ ብረቱን ጨርሶ የተወ ሰው የመጨረሻውን መያዣ ጥሏል።

፮. ትጥቅ የፈታው ድልድይ

ድፍረቱ የመጣው ከሕንፃ ሳይሆን ከድልድይ ነው። ምክንያቱም ችግር ነበር። በካናዳ ክረምት መንገዱ ላይ በረዶ እንዲሟሟ ጨው ይረጫል። ጨው በኮንክሪቱ ውስጥ ይሰርግና ብረቱን ያዝገዋል። የዛገ ብረት ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ድንጋዩን እንዲያጠነክር የገባው ትጥቅ ድንጋዩን መልሶ ይገድለዋል። ብረት በበዛ ቁጥር በሽታው ይበዛል።

በ1970ዎቹ ኦንታሪዮ ውስጥ ተመራማሪዎች በሞዴልም በእውነተኛ ድልድይም ላይ ፈተና አደረጉ። በሁለት ግርደሮች መሐል ያለው የድልድይ ወለል በጎማ ክብደት ሲወድቅ የሚወድቀው ጎብጦ ሳይሆን ጎማው ስር ተበስቶ እንደሆነ፣ ይህም ከስሌቱ እጅግ በሚበልጥ ጭነት እንደሆነ አዩ። በ1979 የወጣው የኦንታሪዮ የድልድይ ደንብ ቅስቱን በሕግ አወቀው። አስፈላጊው ሁኔታ ከተሟላ ለወለሉ በእያንዳንዱ አቅጣጫ፣ ከላይም ከታችም፣ 0.3 በመቶ ብረት ይበቃል አለ። የሰሜን አየርላንድ ሰዎችም በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ በተደረጉ ጥናቶች ተመርተው በዚያው መንገድ ሄዱ።

ጫፍ የደረሰው በ1995 ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ በሳልመን ሪቨር ድልድይ ላይ ነው። እዚያ ከአንደኛው ወለል ውስጥ ብረቱን ጨርሰው አወጡት። አርማታ መባሉ ቀረ፤ ትጥቁን ፈታ። ነገር ግን ከወለሉ ስር ግርደሮቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስሩ የብረት ቀበቶዎች አደረጉ። ለምን? ግርደሮቹ ወደ ውጭ እንዳይሸሹ ነዋ! ሙሉውን ታሪክ ያጠቃለለው ይህ ነው። ብረቱን ከድንጋዩ ሆድ አውጥተው ለጎረቤቶቹ ሰጡት፤ ቦታቸውን እንዳይለቅቁ።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ «ንድፈ ሐሳብ ከንቱ ነው፣ ልምድ ይበልጣል» የሚል ትምህርት የሚወስድ ካለ ተሳስቷል። ልምድ ብቻውን ወለሉ እንደሚቆም ይነግረናል እንጂ መቼ እንደማይቆም አይነግረንም። ዳር ላይ ያለውን ሶሌታ መሐል እንዳለው አድርጎ የሠራ ግንበኛ ያንን የሚያውቀው ቤቱ ሲወርድ ነው። «ቀመሩ ከበቂ በላይ ነው» የሚልም ተሳስቷል፤ ቀመሩ ለአንድ ምዕት ዓመት ለሚሆን ጊዜ አንድ ኃይል ረስቶ ኖሯል። ሁለቱን ያስታረቀው፣ ሊፈርስ የነበረን ቤት ከመፍረሱ በፊት የጠየቀ ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፎቅ ቤት ባለበት ሁሉ ግድግዳ ይፈርሳል፣ ደረጃ ለማውጣት ሶሌታ ይበሳል፣ አንድ ወገን ተነሥቶ ሌላ ወገን ይቀጠላል። የሚበሳው ሶሌታ የማነው ጎረቤት እንደሆነ፣ ማንንስ ይዞ እንደቆመ ጠይቆ የሚበሳ ስንት ነው? ከላዩ ሲያዩት ባዶ ክፍል ነው፤ ምንም አልተጫነበትም። ሥራ ፈት የሚመስለው ያ ባዶ ወለል የጎረቤቱን ቅስት ደግፎ ሊሆን ይችላል። የምህንድስና ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች በዚህ ላይ የምትጨምሩት ወይም የምትሽሩት ነገር ካለ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉበት እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች በደስታ እናነበዋለን። ቀመሩን ግን እባካችሁ በአማርኛ አድርጉልን።